ከጡት ያለፈ የጡት ካንሰር፦ ሕክምናው በምን ይወሰናል? ዕድሜስ?

የጡት ካንሰር አጥንት ላይ ሲገኝ ቤተሰብ «አሁን ደግሞ የአጥንት ካንሰር ያዛት» ይላል። ጉበት ላይ ሲታይም «ጉበቷም ታመመ» ይባላል። ከጡቱ ዕጢ ተነቅለው በደም ወይም በሊምፍ የተጓዙት ሕዋሳት ግን አጥንት ላይ ቢሰፍሩም፣ ጉበት ላይ ቢያድጉም የጡት ካንሰር ሕዋሳት ናቸው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ የጡት መልካቸውን አልለቀቁም፤ የሚሞቱትም በጡት ካንሰር መድኃኒት ነው። ስሙን ማስተካከል የሚጠቅመው ለዚህ ነው፦ መድኃኒቱ የሚመረጠው ካንሰሩ የመጣበት ቦታ ታይቶ ነው።

ሐኪሞች ይህን ሁኔታ ደረጃ አራት ይሉታል። ብብት ሥር ያለ ንፍፊት ውስጥ ብቻ የተገኘ ካንሰር ደረጃ አራት አይደለም፤ ገና የመዳን ተስፋ ያለው ነው። ሁለቱን ማምታታት ሰውን ያለ ጊዜው ተስፋ ያስቆርጣል፤ ስለዚህ «ተሰራጭቷል» ሲባል «የት?» ብላችሁ ጠይቁ። በብዛት የሚሄደው ወደ አጥንት፣ ወደ ሳንባና ሽፋኑ፣ ወደ ጉበትና ወደ አንጎል ነው። ከሁሉም የሚበዛው አጥንት ነው፤ በተለይ የጀርባ አጥንት፣ ዳሌ፣ ጎድንና የጭን አጥንት።

አንድ ነገር ሳይሸፋፈን መነገር አለበት። ዛሬ ባለው ሕክምና ደረጃ አራት የደረሰን የጡት ካንሰር ጨርሶ ማጥፋት፣ ከጥቂቶች በቀር፣ አይጠበቅም። የሕክምናው ዓላማ በሽታውን ገትቶ መያዝ፣ ዕድሜ ማራዘምና ሕመም መቀነስ ነው። «እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ይዛችሁት ትኖራላችሁ» የሚሉ አሉ። ለአንዳንዱ ዓይነት ይህ ከእውነት ብዙ አይርቅም፤ ለሌላው ዓይነት ግን ማታለል ነው። የትኛው እንደሆነ የሚነግረው አንድ ወረቀት አለ።

ወረቀቱ ላይ ያሉት ሦስት መስመሮች

ከናሙና ምርመራ በኋላ ከፓቶሎጂ ክፍል የሚወጣው ወረቀት ላይ፣ ከብዙው ጽሑፍ በታች፣ ሦስት አጫጭር መስመሮች ይኖራሉ። የመጀመሪያው የኤስትሮጅን ተቀባይ ነው፤ ማለትም ሕዋሱ ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን የሚይዝበት ፕሮቲን፤ ሁለተኛው የፕሮጄስትሮን ተቀባይ፤ ሦስተኛው ሄር-2 የሚባለው ፕሮቲን። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በመቶኛ ይጻፋሉ። ከሕዋሳቱ 1 በመቶ እንኳ ቢቀለም ውጤቱ ፖዘቲቭ ይባላል፤ በእርግጥ 90 በመቶ የሆነ ዕጢ 3 በመቶ ከሆነው ይልቅ ለሆርሞን ሕክምና እሺ ይላል። ሄር-2 የሚጻፈው 0፣ 1+፣ 2+ ወይም 3+ ተብሎ ነው። 3+ ፖዘቲቭ ነው። 2+ ግን ገና መልስ አይደለም፤ ጂኑን የሚቆጥር ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልገዋል። ብዙ ወረቀት 2+ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ ታማሚዋም ሊጠቅማት ይችል የነበረውን መድኃኒት ሳታገኝ ትቀራለች።

እነዚህ መስመሮች ከሌሉ ሐኪሙ በግምት ያክማል። የሚጠፉበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ናሙናው ነው። በቀጭን መርፌ ተመጦ የሚወሰድ ናሙና «ካንሰር ነው፣ አይደለም» ለማለት ይረዳል እንጂ ለተቀባይ ምርመራ አስተማማኝ አይደለም፤ በወፍራም መርፌ የተቆረጠ ቁራጭ ሥጋ ያስፈልጋል። ቁራጩ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሥጋውን እንዳይበላሽ በሚጠብቅ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ መግባት አለበት፤ ፈሳሹም ከናሙናው አሥር እጥፍ ያህል በዝቶ ሊያሰጥመው ይገባል። በዚያ ውስጥ ከ6 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል። ናሙናውን ቤተሰብ በእጁ ይዞ ወደ ሌላ ላቦራቶሪ የሚያደርስበት አጋጣሚ አለ፤ እንዲህ ሲሆን ብልቃጡ ውስጥ ያለው ፎርማሊን እንጂ ውሃ ወይም ጨው ያለው ፈሳሽ አለመሆኑን ጠይቁ፤ ሥጋው የገባበት ሰዓትና ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፍ። የደረቀ ወይም ሳምንት የሰነበተ ናሙና ፖዘቲቩን ኔጌቲቭ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። የዚያ ስሕተት ዋጋ ለዓመታት ሊሠራ ይችል የነበረ ኪኒን ነው።

ላቦራቶሪው ሥጋውን በሰም ውስጥ አድርጎ ትንሽ ጡብ ያስመስለዋል፤ ብሎክ ይሉታል። ብሎኩ ለዓመታት ይቆያል፤ እንደገናም ሊመረመር ይችላል። የት እንደተቀመጠና ቁጥሩን ጽፋችሁ ያዙ። ካንሰሩ ከዓመታት በኋላ ተመልሶ ሌላ ቦታ ከታየ ደግሞ የሚቻል ከሆነ ከአዲሱ ቦታ እንደገና ናሙና መውሰድ ይበጃል፤ ተቀባዮቹ በመሀሉ ተለውጠው ሊገኙ ይችላሉ።

የሆርሞን ተቀባይ ያለው

በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙ ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2014 የታተመ ጥናት ከዕጢዎቹ 65 በመቶ ያህሉ የኤስትሮጅን ተቀባይ እንዳላቸው አሳይቷል። ይህ ቁጥር ትልቅ ነገር ነው፦ የብዙዎቹን በሽታ በርካሽ ኪኒን መያዝ ይቻላል ማለት ነው። የእነዚህ ዕጢዎች ምግብ ኤስትሮጅን ነው። ታሞክሲፌን፣ በቀን 20 ሚሊግራም፣ ተቀባዩን ይዘጋል። ሌትሮዞል 2.5 ሚሊግራም ወይም አናስትሮዞል 1 ሚሊግራም ደግሞ ሰውነት ካረጠ በኋላ የሚሠራውን ኤስትሮጅን ያደርቃል።

እዚህ ላይ የሚደጋገም ስሕተት አለ። ሌትሮዞልና አናስትሮዞል የወር አበባዋ ላልተቋረጠ ሴት ብቻቸውን አይሠሩም፤ እንዲያውም ኦቫሪ የሚባለውን የእንቁላል ማመንጫ ይበልጥ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር ሕዋሳትን የሚገድል መድኃኒት፣ ስትወስድ የወር አበባዋ የቀረ የ40 ዓመት ሴት አርጣለች ማለት አይደለም፤ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ለወጣት ሴት በቅድሚያ ኦቫሪውን ማስተኛት ያስፈልጋል፤ በየ28 ቀኑ በሚወጋ 3.6 ሚሊግራም ጎሰረሊን፣ ወይም መርፌው በየወሩ የማይገኝ ከሆነ ኦቫሪውን በቀዶ ሕክምና በማውጣት። ቀዶ ሕክምናው አንዴ የሚደረግ በመሆኑ መርፌ ሲገኝ እየተወጋች ሲጠፋ ከምትቀር ሴት ይልቅ የተሻለ ጥበቃ ይሰጣል፤ ልጅ የመውለድ ጉዳይ ግን ከዚያ በፊት በግልጽ መነሳት አለበት። ታሞክሲፌን የምትወስድ ሴት ማርገዝ የለባትም፤ ጽንስ ይጎዳል። መከላከያውም ሆርሞን የሌለው መሆን አለበት፤ ለምሳሌ የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም።

«ኪኒን ምን ያደርጋል፣ ጠንካራ ኬሞ ይሰጣት» የሚል ግፊት ከቤተሰብ ይመጣል። ለዚህ ዓይነት ካንሰር ሀሳቡ የተገለበጠ ነው። ጉበት ወይም ሳንባ ሥራውን ሊያቆም ካልተቃረበ በቀር የሚቀድመው የሆርሞን ሕክምና ነው። የሚዘገይ መሆኑ ግን እውነት ነው፤ ሥራው እስኪታይ ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። በአራተኛው ሳምንት «አልሠራም» ብሎ መጣል የብዙዎችን ዕድል አበላሽቷል።

ባለፉት ዓመታት ከሆርሞን ኪኒኑ ጋር የሚሰጡ ሦስት መድኃኒቶች መጥተዋል፦ ፓልቦሲክሊብ፣ ራይቦሲክሊብና አቤማሲክሊብ። የሕዋሱን መባዛት ያቆማሉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ 21 ቀን ተወስደው 7 ቀን ያርፋሉ፤ ነጭ የደም ሕዋስ ስለሚቀንሱ የደም ቆጠራ ያስፈልጋቸዋል። አቤማሲክሊብ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ዋናው ችግሩ ተቅማጥ ነው። አሜሪካና አውሮፓ ያሉ ታማሚዎች አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ይጀምራሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ ዋጋቸው ለአብዛኛው ቤተሰብ የሚቀመስ አይደለም፤ እነሱ ባይኖሩም ኪኒኑ ብቻውን ይሠራል።

ሄር-2 ፖዘቲቭ የሆነው

ይህ ዓይነት በተፈጥሮው ፈጣንና ክፉ ነበር። ትራስቱዙማብ፣ በንግድ ስሙ ሄርሴፕቲን፣ ታሪኩን ለውጦታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ከመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቶታል፤ በሌሎች ኩባንያዎች የሚመረቱ፣ ዋጋቸው የቀነሰ አቻዎቹም አሉ። በየሦስት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጣል፤ የመጀመሪያው መጠን በኪሎ 8 ሚሊግራም፣ ከዚያ በኋላ 6 ሚሊግራም። መጀመሪያ ዶሴታክሰል ወይም ፓክሊታክሰል ከተባለ ኬሞ ጋር፣ ከተገኘም ሄር-2ን ከሚያጠቃው ሌላ መድኃኒት ከፐርቱዙማብ ጋር ይጀመራል፤ ከአራት እስከ ስድስት ወር በኋላ ኬሞው ይቆምና እነዚህ ብቻ ይቀጥላሉ። ልብን ሊያደክም ስለሚችል ከመጀመሩ በፊትና በየሦስት ወሩ የልብ አልትራሳውንድ፣ ማለትም ኢኮ፣ ይሠራል። መድኃኒቱ ሲቆም ልቡ ብዙ ጊዜ ወደ ቀድሞ አቅሙ ይመለሳል፤ በጊዜ መገኘት አለበት እንጂ።

ሦስቱም ኔጌቲቭ የሆነው

ሆርሞን አይሠራለትም፣ ሄርሴፕቲንም አይሠራለትም። የሚቀረው ኬሞ ነው፤ ባለበት ሀገር ደግሞ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅሰው ፔምብሮሊዙማብ፣ ካንሰሩ ፒዲ-ኤል-1 የተባለውን ምልክት በበቂ ካሳየ። ብራካ የተባለውን የዘር ለውጥ የተሸከመች ሴት ኦላፓሪብ ይጠቅማታል፤ በቤተሰቧ የጡትና የኦቫሪ ካንሰር የተደጋገመባት ሴት ይህን ምርመራ ትጠይቅ፤ ውጤቱ ለእህቶቿና ለሴት ልጆቿም ነው።

በኬሞ ጉዳይ ላይ መዝገብ መያዝ ሕይወት ያድናል። ቀይ ቀለም ያለው ዶክሶሩቢሲን በዕድሜ ልክ የሚቆጠር ጣሪያ አለው፤ በሰውነት ስፋት በካሬ ሜትር ከ450 እስከ 550 ሚሊግራም ካለፈ የልብ መድከም አደጋው ይጨምራል። ከአምስት ዓመት በፊት በሌላ ሆስፒታል የወሰደችው አብሮ ይደመራል። ስንት ዙር፣ በየዙሩ ስንት ሚሊግራም የሚለውን በደብተር ያዙ።

ዕድሜ፦ ቁጥሮቹን እንዴት እንደምናነብ

ሐኪም «ሚዲያን» ሲል አንድ መቶ ሴቶችን በሕይወት በቆዩበት ጊዜ በተራ ብናሰልፍ መሀል ላይ የምትገኘውን ማለቱ ነው። ግማሾቹ ከዚያ በፊት ያርፋሉ፣ ግማሾቹ ከዚያ በላይ ይኖራሉ፤ አንዳንዶቹም እጅግ በላይ። ለአንዲት ሴት የተቆረጠ ቀን አይደለም።

በአሜሪካ ካንሰሩ ሩቅ ቦታ ደርሶ ከተገኘባቸው ሴቶች ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የሚገኙት ከአሥሩ ሦስት ያህሉ ናቸው። ይህ ግን ሁሉንም ዓይነት አንድ ላይ የደባለቀ ቁጥር ስለሆነ ብዙ አይነግርም። በዓይነት ሲለይ ልዩነቱ ይታያል። የሆርሞን ተቀባይ ባላቸው፣ ባረጡ ሴቶች ላይ በተደረገው ሞናሊሳ-2 በተባለው ጥናት ሌትሮዞል ብቻ የወሰዱት ሚዲያን 51.4 ወር፣ ራይቦሲክሊብ የተጨመረላቸው 63.9 ወር ኖረዋል። ሄር-2 ፖዘቲቭ በሆኑት ላይ ክሊዮፓትራ የተባለው ጥናት ፐርቱዙማብ ለተጨመረላቸው 57.1 ወር፣ ላልተጨመረላቸው 40.8 ወር አሳይቷል፤ ከተጨመረላቸው 37 በመቶዎቹ ከስምንት ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። ሦስቱም ኔጌቲቭ ሲሆን ቁጥሩ ያጥራል፤ ፔምብሮሊዙማብ ይጠቅማቸዋል ተብለው ከተለዩት መካከል እሱን ያገኙት 23 ወር፣ ኬሞ ብቻ ያገኙት 16 ወር ነው።

እነዚህ ጥናቶች ውስጥ የገቡት ሴቶች መድኃኒታቸው ያልተቋረጠ፣ ቀጠሯቸው ያልተዛነፈ፣ ሲጀምሩም ጠንከር ያሉ ነበሩ። መድኃኒት በሚቆራረጥበት ቦታ ቁጥሩ ዝቅ ይላል። ከዓይነቱ ሌላ ዕድሜን የሚያረዝሙ ወይም የሚያሳጥሩ ነገሮች አሉ፦ አጥንት ላይ ብቻ ያለ ካንሰር ጉበትና አንጎል ከገባው ይልቅ ይታገሣል፤ ከመጀመሪያው ሕክምና ከአምስት ዓመት በኋላ የተመለሰው በስድስት ወር ከተመለሰው ይልቅ ቀስ ይላል፤ ተነሥታ የምትንቀሳቀስ ሴት አልጋ ከያዘችው የተሻለ ሕክምናውን ትችላለች። ለሐኪሙ «ስንት ዓመት ትኖራለች?» ከማለት «የምናወራው ስለ ሳምንታት ነው፣ ስለ ወራት ነው፣ ወይስ ስለ ዓመታት?» ብትሉት የሚረባ መልስ ታገኛላችሁ።

መሥራቱ በምን ይታወቃል?

ሕክምናው እስከሠራና እስከተቻለ ድረስ ይቀጥላል፤ ሲያቅተው ወደሚቀጥለው ይታለፋል። በሁለት ሦስት ወር አንዴ በሲቲ ስካን፣ ካልተገኘም በአልትራሳውንድና በደረት ራጅ ይታያል። በደም የሚለካው የካንሰር ምልክት ብቻውን ውሳኔ አይወሰንበትም። የአጥንት ስካን ደግሞ ሕክምናው በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ወራት አጥንቱ እየዳነ ሳለ የባሰበት ሊያስመስል ይችላል፤ ሕመሙ እየቀነሰ ስካኑ ቢከፋ መድኃኒት ለመቀየር አትቸኩሉ።

«ለምን ጡቷን አይቆርጡላትም?» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። ከመጀመሪያው ተሰራጭቶ በተገኘ ካንሰር ላይ ጡቱን መቁረጥ ዕድሜ ይጨምር እንደሆነ በሕንድም በአሜሪካም በትላልቅ ጥናቶች ተፈትኗል፤ አልጨመረም። ቀዶ ሕክምናው የሚሠራው ዕጢው ሲቆስል፣ ሲደማ ወይም ሲሸት ለማስታገስ ነው። ሐኪሙ «አይቆረጥም» ሲል ተስፋ ቆርጦ እንዳይመስላችሁ።

አጥንት

አጥንት የገባ ካንሰር ያሳምማል፣ ያሰብራል። ዞሌድሮኒክ አሲድ 4 ሚሊግራም በደም ሥር፣ በየ4 ወይም በየ12 ሳምንቱ፣ ስብራትን ይቀንሳል። በየ12 ሳምንቱ መስጠት በየወሩ ከመስጠት ስለማያንስ ለኪስም ለመንገድም ይቀላል። ከመጀመሩ በፊት ኩላሊት በደም ይመረመራል፤ የሚነቀል ጥርስ ካለ ቀድሞ ይነቀላል፤ መድኃኒቱን እየወሰዱ ጥርስ መንቀል የመንጋጋ አጥንት እንዲሞት ሊያደርግ ይችላል።

ለአንድ ቦታ ሕመም ጨረር እጅግ ይረዳል። ረጅም ተራ መያዝና ለሳምንታት መመላለስ ግድ አይደለም፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ 8 ግሬይ (የጨረር መለኪያ ነው) ጨረር ሕመምን በማስታገስ ከብዙ ቀናት ጨረር አያንስም፤ ሕመሙ ተመልሶ ቢመጣ ይደገማል። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ጨረር የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ አሁን ጅማም ይሰጣል። ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሰው ይህ አንድ ቀን ብቻ የሚል ሕክምና መኖሩን ማወቅና መጠየቅ ትልቅ ነገር ነው።

ስትረግጥ ጭኗን የሚያማት ሴት ራጅ ትነሳ፤ አጥንቱ ሳይሰበር ብረት ማስገባት ከተሰበረ በኋላ ከማከም እጅግ ይቀላል። ወጌሻ ዘንድ ወስዶ ወገቧን ወይም ጭኗን ማሳሸት ግን ፈጽሞ አይገባም። ካንሰር የበላው አጥንት በእጅ ግፊት ይሰበራል፤ የጀርባ አጥንት ከሆነ ሴትዮዋን ሽባ ሊያደርጋት ይችላል።

ቀጠሮ የማይጠበቅባቸው ቀኖች

ኬሞ ከተሰጠ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነጭ የደም ሕዋስ ዝቅ የሚልበት ጊዜ ነው። ቤት ውስጥ ቴርሞሜትር ይኑር። 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት፣ ወይም ብርድ ብርድ የሚያሰኝ መንቀጥቀጥ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ያስኬዳል፤ አንቲባዮቲክ በደረሰች በአንድ ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ሳትለኩ ፓራሲታሞል አትስጧት፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል። በእነዚህ ቀናት ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ክትፎና ያልፈላ ወተት ይቅር።

የጀርባ ሕመም ስትተኛ የሚብስ፣ እግር የሚዝል ወይም የሚደነዝዝ፣ ሽንት አልመጣ ያለ ወይም ያመለጠ ከሆነ ካንሰሩ ኅብለ ሰረሰርን እየተጫነ ነው ብላችሁ አስቡ። በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለባት፤ ዴክሳሜታዞን ተሰጥቶ በ24 ሰዓት ውስጥ ኤምአርአይና ጨረር ወይም ቀዶ ሕክምና ይፈለጋል። ሕክምናው ሲጀመር በእግሯ የምትሄድ ሴት አብዛኛውን ጊዜ መሄዷን ትቀጥላለች፤ እግሯ ከከዳት በኋላ ግን የምትመለሰው ጥቂት ናት። «ሰኞ ቀጠሮ አለን» ማለት እዚህ አይሠራም።

ጥማት የበዛባት፣ ሽንት የምታበዛ፣ ሆድ ድርቀት የያዛት፣ የምትዘባርቅ ወይም ከእንቅልፍ የማትነቃ ከሆነ ከአጥንት የወጣ ካልሲየም ደሟ ውስጥ በዝቶ ሊሆን ይችላል። ይህ «መጨረሻዋ ደርሷል» ተብሎ የሚታለፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ በግሉኮስ ሳይሆን በጨው ፈሳሽና በዞሌድሮኒክ አሲድ በቀናት ውስጥ ይስተካከላል። ጠዋት ጠዋት የሚያም ራስ ምታት ከትውከት ጋር፣ ወይም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጥል በሽታ ሲመጣ ደግሞ አንጎል ይመረመራል። ትንፋሽ ማጠር ሳንባ ዙሪያ ውሃ ተቋጥሮ ሊሆን ይችላል፤ በቱቦ ሲቀዳ ወዲያው ይቀላታል።

ከውጭ የሚላክ መድኃኒት

ዲሲ፣ ቴል አቪቭ ወይም ዱባይ ያለ ዘመድ መድኃኒት ገዝቶ በሻንጣ ሲልክ ብዙ ገንዘብ የሚጠፋበት መንገድ አለ። ታሞክሲፌን፣ ሌትሮዞልና በኪኒን የሚወሰደው ኬሞ ካፔሲታቢን በቤት ሙቀት ይቆያሉ። ትራስቱዙማብ፣ ፐርቱዙማብና የሆርሞን ሕክምና መርፌው ፉልቬስትራንት ግን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መካከል መቆየት አለባቸው። ከሙቀቱ ይልቅ የሚረሳው መቀዝቀዙ ነው፤ በረዶ ጥቅሉን በቀጥታ ከነካው ሊረጋ ይችላል። አንዴ የረጋ ብልቃጥ ይጣላል፤ ሲቀልጥ ግን በዓይን ምንም አይለይም። በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከቴርሞሜትር ጋር፣ በእጅ በሚያዝ ቦርሳ ይምጣ።

ከመግዛታችሁ በፊት ሆስፒታሉ ከውጭ የመጣ መድኃኒት እንደሚሰጥ ጠይቁ፤ ሒሳቡንም ሥሩ። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት በመጀመሪያው ቀን 480 ሚሊግራም ትራስቱዙማብ ያስፈልጋታል፤ ባለ 150 ሚሊግራሙ ብልቃጥ ከሆነ አራት። ከዚያ በኋላ በየሦስት ሳምንቱ 360 ሚሊግራም፣ ሦስት ብልቃጥ። የሁለት ዙር ገዝቶ ለሦስት ወር ከማቆም የስድስት ወሩን ገንዘብ አስቦ መጀመር ይሻላል። ስሙንም ፊደል በፊደል አመሳክሩ፦ ትራስቱዙማብ፣ ትራስቱዙማብ ኤምታንሲንና ትራስቱዙማብ ዴሩክስቴካን ሦስት የተለያዩ መድኃኒቶች ናቸው፤ ኋለኞቹ ሁለቱ ኬሞ የተሸከሙ ሲሆን መጠናቸው በኪሎ 3.6 እና 5.4 ሚሊግራም ነው። ተቀያይረው ቢሰጡ ይገድላሉ።

እሷ ታውቃለች?

እኛ መርዶ ሰው ሰብስበን፣ ጊዜ መርጠን የምንናገር ሰዎች ነን። «ለእሷ እንዳትነግሯት» የሚለው ልመና ከፍቅር የመጣ ነው። ግን በሽታዋን የማታውቅ ሴት ሻል ሲላት ኪኒኑን ታቆማለች፣ የወገቧን ሕመም «የብርድ ነው» ብላ ትደብቃለች፣ የልጆቿንና የቤቷን ጉዳይ ሳትናገር ትቀራለች። አብዛኞቹም ቀድመው ጠርጥረዋል። ሐኪሙ በመጀመሪያ እሷን «ምን ያህል ማወቅ ትፈልጊያለሽ? ከአንቺ ጋር ማን ይስማ?» ብሎ ይጠይቃት፤ «ለወንድሜ ንገሩት» ካለች መብቷ ነው። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ልጃችሁን አስተርጓሚ አታድርጉ፤ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ አማርኛ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የ15 ዓመት ልጅ የእናቱን ሞት መተርጎም የለበትም።

ጸበልም ከመድኃኒት ጋር አይጣላም። ችግር የሚመጣው «ወይ ጸበል ወይ ኪኒን» ሲባል ወይም ያለ ምግብና ያለ ውሃ ለቀናት ሲቆይ ነው፤ ኪኒኗን ይዛ ትሂድ፣ የንስሐ አባቷንም ስለ ጾሙ ታማክር። ቅጠልና ሥር የምትጠጣ ከሆነ ግን ለሐኪሙ ስሙን ሳትደብቅ ትንገረው።

ቁስልና ሕመም

ጡት ላይ የፈነዳ ቁስል ሽታ ሰውን ከሰው ይለያል፤ ሴትዮዋ በር ዘግታ ትቀመጣለች። ይህን ማስታገስ ይቻላል። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ፣ አንድ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ፣ ሲቀዘቅዝ በቀስታ እጠቡት፤ አልኮልና ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ አታድርጉ። ሽታው የሚመጣው ኦክስጅን ከማይወዱ ባክቴሪያዎች ስለሆነ ሜትሮኒዳዞል ኪኒን ደቁሶ ቁስሉ ላይ መነስነስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሰዋል። የተጣበቀ ጨርቅ በጨው ውሃ አርሳችሁ እንጂ ደረቁን አትግፈፉት፤ ያደማል።

ከነቃችበት ሰዓት ከግማሽ በላይ አልጋ ላይ የምታሳልፍ፣ ሁለት ሦስት ዓይነት ሕክምናም ያቃታት ሴት ላይ ሌላ ኬሞ መጨመር ብዙ ጊዜ ያላትን ጉልበት ይወስድባታል እንጂ ቀን አይጨምርላትም። ያኔ «ኬሞ ይቁም» የሚል ሐኪም ትቷት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ ሆስፒስ ኢትዮጵያ እንዲህ ያሉ ታማሚዎችን ሕመም በማስታገስ ይሠራል፤ ይህ አገልግሎት ከመጨረሻው ሳምንት በፊት፣ ሕመሙ ሲጀምር፣ ቢጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል።

ሞርፊን ይፈራል፤ «ሱስ ያስይዛታል»፣ «ቶሎ ይገድላታል» ይባላል። በሐኪም ተለክቶ ለካንሰር ሕመም ሲሰጥ አይገድልም፤ ሱስም የሚያስፈራ ጉዳይ አይሆንም። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ሞርፊን የሚሠራው አራት ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ በ5 ሚሊግራም ተጀምሮ በየአራት ሰዓቱ፣ ሕመሙ ሳይመለስ በፊት፣ ይወሰዳል፤ መጠኑን የሚጨምረው ሐኪሙ ነው። ሕመሙ እስኪያስጮሃት ጠብቆ መስጠት ከፍ ያለ መጠን ያስፈልገዋል። ማቅለሽለሹና እንቅልፉ በሁለት ሦስት ቀን ይለቃል፤ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቢሳኮዲል ወይም ሴና አብሮ ይሰጣል። ሞርፊኑን በሆድ ድርቀት ምክንያት የተወ ታማሚ ብዙ ነው። ሌሊት ቀስቅሶ ላለመስጠት ሐኪሙ የመኝታውን መጠን እጥፍ እንዲያደርገው ጠይቁት፤ እሷም እናንተም ትተኛላችሁ።